ሐዋሳ ዙሪያ በማውንቴን ሳይክል፦ ከየትኛው መንገድ እንጀምር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ዕድሜዬ 31 ነው። ከተማ ውስጥ ሳይክል ስነዳ ነው ያደግኩት። በቅርቡ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ፤ ፊቱ ላይ ሞላ አለው፣ ፍሬኑ ቸርኬውን በጎማ የሚይዝ ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የ13 ዓመት የእህቴን ልጅና አዳማ የሚኖር ጓደኛዬን ይዤ ተራራ ለመንዳት አስቤያለሁ። ጓደኛዬ አስፓልት ላይ ኃይለኛ ነው፤ ሞጆ ደርሶ መመለስ ለእሱ ምንም አይደለም። የእህቴ ልጅ ገና ጀማሪ ነው። ያሰብኩት፣ ታቦር ትንሽ ስለሆነ ለልጁ፣ አላሙራ መካከለኛ ስለሆነ ለእኔ፣ ወንዶ ገነት ትልቅ ስለሆነ ለጓደኛዬ ነው። ልክ ነኝ? መንገዶቹ በቀለም ደረጃ ወጥቶላቸዋል ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ካርታውን ከየት ላግኝ? ሳይክሌንስ ሸጬ ሁለት ሞላ ያለው ልግዛ? እባክዎ ይንገሩን።»

ካርታው የለም። ለማውንቴን ሳይክል ተብሎ የተዘጋጀ፣ ምልክት የተተከለለትና ደረጃ የወጣለት መንገድ ሐዋሳ ዙሪያ አታገኝም። የሰማኸው የቀለም ደረጃ የውጭ ነው። መጀመሪያ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታዎች የሚጠቀሙበት ነበር። በኋላ ዓለም አቀፉ የማውንቴን ብስክሌት ማኅበር ለሳይክል አስተካክሎ አወጣው። አረንጓዴ ክብ ቀላል ማለት ነው፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ። እኛ ጋ ያለው ግን ሰው ውሃ ሊቀዳ፣ ገበያ ሊሄድ፣ ከብት ሊያሰማራ እየረገጠ ያወጣው የእግር መንገድ ነው። ጎርፍ ሲቦረቡረው የሚጠግነው የለም። ዛፍ ሲወድቅበት «ዛሬ ዝግ ነው» የሚልህም የለም። ስለዚህ ደረጃውን የምታወጣው አንተው ነህ፤ በሄድክበት ቀን፣ በዓይንህ አይተህ።

ለዚህም ቢሆን የውጮቹ መለኪያ ይጠቅምሃል። ቀላል የሚሉት መንገድ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ አማካይ ዳገቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም። 100 ሜትር ስትሄድ 5 ሜትር ብቻ ትወጣለህ ወይም ትወርዳለህ ማለት ነው። መካከለኛው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ዳገቱም እስከ 10 በመቶ ይሆናል። ከባዱ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠባል፤ አማካይ ዳገቱ እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ መሬቱ ይታያል። ጠንካራ ነው ወይስ ይንሸራተታል? መሀሉ ላይ ያለው ድንጋይ ቁመቱ ስንት ነው? ልብ በል፤ «ተራራው ስንት ሜትር ነው?» የሚል ጥያቄ እዚህ ውስጥ የለም። ያንተ ዕቅድ ግን የቆመው በተራራው ትልቅነት ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ተገልብጦ የወጣው።

ታቦርን እንውሰድ። ትንሽ ነው፤ ከተማው መሀል ሐይቁ አጠገብ ቁጭ ያለ ጉብታ ነው ብትል ማንም አይከራከርህም። ግን ትንሽ የሆነው ርቀቱ ነው። ዳገቱ ትንሽ አይደለም። እግረኛ ያወጣው መንገድ አይጠማዘዝም፤ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል። ጭንጫ ነው፤ ልቅ ጠጠሩ ከጎማ ሥር ይንከባለላል። በዚያ ላይ ጠዋትና ማታ ሰው አይጠፋበትም። ስፖርት የሚሠራ አለ፣ ሐይቁን ሊያይ የወጣ እንግዳ አለ፣ ፎቶ የሚነሳ ተማሪ አለ። ጀማሪ ልጅ በልቅ ጠጠር ላይ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው ሲወጣ አስበው። በእኔ መለኪያ ይሄ ጥቁር ነው። ታቦርን በእግራችሁ ውጡት። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትገባ ከላይ ሆኖ ማየት ልጁን በጣም ደስ ያሰኘዋል። ሳይመሽ ግን ውረዱ፤ እነዚህ ኮረብታዎች ላይ ማታ ጅብ ይንቀሳቀሳል።

አላሙራ ደግሞ አንድ ደረጃ የለውም፤ ሁለት ነው። እግሩ ሥር ያለው የመንደር መንገድ ሰፊና ለጥ ያለ ነው። ጋሪ ይሄድበታል። ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ሁሉ ለጀማሪ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ አህያ ጭነት ያለበት ጋሪ የምትጎትትበት ዳገት ልጅም የሚችለው ዳገት ነው። ይቺን መለኪያ ያዛት፣ ከየትኛውም አፕሊኬሽን በላይ ትጠቅምሃለች። ከጋሪ መንገዱ ወጥተህ ወደ ተራራው ስትዞር ነገሩ ይቀየራል። መንገዱ ይጠባል፣ ድንጋዩ ይበዛል፣ ጎርፍ መሀሉን ቦይ አድርጎ ቆርጦታል። እዚያ ጋ መካከለኛ የሚባል ነገር ያበቃል።

አላሙራ ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ፣ ለጓደኛህ ስለሚጠቅም። አንድ ጊዜ እንደ እሱ አስፓልት ላይ ኃይለኛ የሆነ ልጅ ይዤ ወጣሁ። አቀበቱን ሲወጣ እኔን ጥሎኝ ሄደ። ከላይ ስንደርስ ትንፋሹ እንኳን አልተቆረጠም። እኔም «ይሄ ልጅ ይችላል» ብዬ ወስኜ ቀድሞ እንዲወርድ ፈቀድኩለት። ማለዳ ካፊያ ጥሎ ነበር፤ ደረቁ መሬት ላይ ያለው ጠጠር ላዩ ብቻ ረጥቧል። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፈራና የፊት ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ጨበጠ። ጎማው ተንሸራተተ፤ በትከሻው ወደቀ። አጥንቱ ተሰበረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አወጣጡን አይቼ አወራረዱን ገመትኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም በአቀበት ለክቼ ደረጃ አልሰጠሁም።

ጓደኛህን በተመለከተ የምልህም ይሄንኑ ነው። አቀበት የሚፈትነው እግርንና ሳንባን ነው። ቁልቁለት የሚፈትነው እጅን፣ ዓይንንና ፍሬንን ነው። አስፓልት የመጀመሪያውን ያስተምራል፤ ሁለተኛውን እምብዛም አያስተምርም። እንዲያውም ጠንካራ እግር ያለው ጀማሪ ይበልጥ ያሳስበኛል። ደካማው ከባዱ ቦታ ሳይደርስ ይደክመውና ይመለሳል። ጠንካራው ግን አናቱ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ መውረድ አለበት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት በእጥፍ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ አራት እጥፍ ነው። ጠጠር ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ስለዚህ ሦስታችሁም የምትይዙት አንድ ሕግ አለ። የምትወርዱበትን መንገድ መጀመሪያ ውጡበት። ስትወጣ ቀስ ስለምትል እያንዳንዱን ድንጋይ፣ እያንዳንዱን ቦይ ታያለህ። ሳይክሉን ገፍተህ የወጣኸውን ቦታ ስትመለስም ገፍተህ ውረደው። በሌላ በኩል እንውረድ፣ አቋራጭ አለ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሺ አትበሉት። ይሄ ሕግ አንዳንዴ ያሰለቻል። ግን አብረውኝ የሚወጡ ሰዎች ከጀመሩት ወዲህ ከጭረት ያለፈ ጉዳት አላየሁም።

ስለ መውረድ ጥቂት ነገር ልጨምር። ከመቀመጫው ተነስ። ሁለቱን ፔዳል እኩል አግድም አድርገህ ቁምባቸው። ዳሌህን ወደ ኋላ፣ ክርንህን አጠፍ። ዓይንህ የፊት ጎማው ላይ ሳይሆን ልትደርስበት ያለው ቦታ ላይ ይሁን፤ ድንጋዩን ካፈጠጥክበት ሄደህ ትጋጨዋለህ። ሁለቱንም ፍሬን በአንድ አንድ ጣት ወይም በሁለት ጣት፣ ለስለስ አድርገህ፣ ከኩርባው በፊት ያዝ። ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ ልቀቀው። «የፊት ፍሬን አትንካ» የሚል ምክር ሰፈር ውስጥ ስትሰማ ነው ያደግከው፤ ስህተት ነው። ይበልጥ የሚያቆምህ የፊቱ ነው። የሚጥልህ በድንጋጤ ስትጨብጠው ነው። ይሄን ሜዳ ላይ፣ ጠጠር ያለበት ቦታ፣ ቀስ እያላችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተለማመዱት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይግላል። ይሄ የስፖርቱን ያህል ያረጀ ችግር ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል አካባቢ ወጣቶች አሮጌ ሳይክል ይዘው ከተራራ መውረድ ጀመሩ። ማውንቴን ሳይክል የሚባለው ነገር ያደገው በአብዛኛው ከእነሱ ነው። ከ1976 ጀምሮ የሚወዳደሩበት አንድ መንገድ ነበር። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። የሳይክሎቹ ፍሬን የኋላ እምብርት ውስጥ ያለ፣ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት ነበር። ታች ሲደርሱ ቅባቱ ነድዶ ይጨስ ነበር። ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላ ፈትተው አዲስ ግሪስ ይሞሉታል። የመንገዱም ስም «ሪፓክ» የተባለው ከዚሁ ነው፤ መልሶ መሙላት ማለት ነው። ያንተ ፍሬን ከዚያ ይሻላል። ግን ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬውን ያግለዋል፤ በጣም ከጋለ ውስጡ ያለው ካላማዳሪ ሊፈነዳ ይችላል። በየተወሰነ ርቀት ቁም። ቸርኬውን ከመንካትህ በፊት እጅህን አስጠጋና ሙቀቱን ስማው። ከጋለ አምስት ደቂቃ ውሃ ጠጣ።

አሁን ወደ ሐምሌ እንምጣ። በሐምሌ አልስማማም። ምክንያቱ ቅዝቃዜ ወይም ዝናብ መመታት አይደለም። መሬቱ ነው። ሐዋሳ ዙሪያ ሁለት ዓይነት አፈር አለ፤ ፀባያቸው የተለያየ ነው። ሐይቁ አካባቢ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ አመድና ቀላል የአረፋ ድንጋይ ነው፤ ከተማው ራሱ ያለው አሮጌ የእሳተ ገሞራ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ነው። ይሄ አፈር አሸዋማ ነው፣ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል። በጋ ላይ ዱቄት ይሆንና ጎማ ይውጣል። ቀላል ዝናብ ካገኘ ግን ይጠጥራል፤ ያን ጊዜ መንዳት ደስ ይላል። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ከፍ እያልክ ስትሄድ ቀይ አፈር ይመጣል። ደረቅ ሲሆን ከእሱ የተሻለ መንገድ የለም፤ ጠንካራ ነው፣ ይይዛል። ሲረጥብ ሳሙና ነው። ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬኑ ውስጥ ይሞላል፣ ሳይክሉ አልንከባለል ይላል። ያኔ በታኅሣሥ መካከለኛ የነበረው መንገድ በሐምሌ ከባድ ይሆናል። በዚያ ላይ እርጥብ መሬት ላይ ስትነዳ ጎማህ ቦይ ይቆርጣል፤ ቀጣዩ ዝናብ ያንን ቦይ ያሰፋዋል። መንገዱ የገበሬው ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ነው። አበላሽተንበት መሄድ አይገባም።

የሐይቁ ዳርም ክረምት ላይ ሌላ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ዝናቡ ሲበዛ ውሃው ወደ ዳር ይወጣል፣ ሳሩ ውስጥ ያለው መንገድ ረግረግ ይሆናል። ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ በጨለለቃ በኩል ያለውን ረግረግም ያኔ አትሞክሩት። የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ዝናብ ከጣለ አንድ ሁለት ፀሐያማ ቀን ጠብቆ መውጣት ነው።

ወንዶ ገነትን ለጓደኛህ ብቻ መድበኸዋል። እኔ ለሦስታችሁም የምመርጠው እሱን ነው። ተራራው ትልቅ ነው፣ ልክ ነህ። ግን ትልቅ ስለሆነ ነው በየደረጃው ቦታ ያለው። ታች ሜዳው ላይ በእንሰት፣ በሸንኮራና በጫት ማሳ መሀል የሚሄዱ የመንደር መንገዶች አሉ፤ ጥላ አለ፣ ውሃ አለ፣ ልጁ የሚችለው ነው። ከፍ ሲል የደን መንገዶች አሉ። ባሕር ዛፉና የፈረንጅ ጥዱ መሀል ያሉት መኪና እንዲሄድባቸው የተጠረጉ ፒስታዎች ናቸው፤ መኪና እንዲወጣ ስለታሰቡ ይጠማዘዛሉ፣ ዳገታቸው ተከፋፍሏል። ላንተ የሚሆነው ይሄ ነው። አቀበቱ ያደክምሃል፣ ቁልቁለቱ ግን አያስደነግጥህም። ከዚያ በላይ የተፈጥሮ ደኑ ውስጥ ያሉት ጠባብ የእግር መንገዶች ሥርና ድንጋይ የበዛባቸው ናቸው፤ ከባድ ናቸው። ጉሬዛ ከላይ ሲዘል እያየህ በእግር የሚኬድባቸው እንጂ ለሳይክል አልመክርም። ደኑን የሚያስተዳድረው በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት የደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ነው። ወደ ደኑ መንገድ ከመግባታችሁ በፊት እዚያው ጠይቃችሁ ፈቃድ ያዙ። ስትጨርሱ ፍል ውሃው አለ፤ የደከመ ጭን ምን እንደሚሰማው እዚያ ስትገባ ታየዋለህ።

እዚያ ድረስ ግን በሳይክል አትሂዱ። ወንዶ ገነት ከሻሸመኔ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐዋሳ ስትነሳ የሐዋሳ ሻሸመኔን ዋና መንገድ መንካትህ አይቀርም። ያ መንገድ የከባድ መኪና፣ የሚኒባስና የባጃጅ ነው። በማውንቴን ሳይክል ከሚገኙ አደጋዎች ሁሉ በጣም የምፈራው ተራራው ላይ ያለውን ሳይሆን ይሄን ነው። ሳይክሎቹን መኪና ላይ ጭናችሁ ሂዱ። ኪራዩ ይከብዳል ካላችሁ በወር አንዴ ይሁን።

ጓደኛህ እውነት አቀበት ከፈለገ ወደ ሲዳማ ደጋ ይሂድ። ሀገረ ሰላም ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። አዳማና ሐዋሳ ከፍታቸው ስለሚቀራረብ ሐዋሳ ላይ ምንም ልዩነት አይሰማውም። ሀገረ ሰላም ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራል። ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው፤ ጃኬት ያስፈልጋል። ዋናው መንገድ ሳይሆን የቀርከሃና የእንሰት ሰፈሮችን የሚያገናኙት የውስጥ መንገዶች ናቸው የሚያምሩት። ፈረስ የሚቀመጥ ሰው በብዛት ስላለ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት ይልመድ፤ ፈረስ በሳይክል ይደነግጣል። ብቻውን አይሂድ። ሲዳምኛ የሚችል የአካባቢ ልጅ ይያዝ፤ መንገድ ለማወቅም፣ በሰው ማሳ ሲያልፍ አክብሮ ለመጠየቅም።

ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ያለውን ኮርቤቲን የሚመክሩት ሰዎች አሉ። አልመክርም። መልክዓ ምድሩ ያስደንቃል፤ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ግን ባልጩቱ የጎማን ጎን እንደ ምላጭ ይቀደዋል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ በመለጠፊያ አይድንም። በዚያ ላይ ውሃ የለም፣ ጥላ የለም። በበጋ ቀትር ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ተቀዶ የቀረ ሳይክል እየገፋህ ስትመለስ አስበው። ሁለት ዓመት ከነዳችሁ በኋላ፣ መኪና አጃቢ ይዛችሁ ከሆነ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ሳይክልህን አትሽጠው። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት ሁለት ሞላ ያላቸው ሳይክሎች ከባድ ናቸው። የኋላው ሞላ ፔዳል በረገጥክ ቁጥር ጉልበትህን ይበላል፤ መጋጠሚያዎቹ ቶሎ ይላላሉ፣ መለዋወጫም አይገኝላቸውም። ከኋላ ድርቅ ያለ፣ ከፊት ሞላ ያለው ሳይክል ለተናገርኳቸው መንገዶች ሁሉ ይበቃል። ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል አውጣው። መጀመሪያ ሄልሜት፣ ለሦስታችሁም፤ ለልጁ በልኩ፣ ሲነቀንቅ የማይወዛወዝ። «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ ሰፊ አይገዛም። ቀጥሎ የፍሬን ጎማ፤ ያገለገለ ሳይክል ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ላዩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ መያዝ ትቷል። ገመዱንም አብረህ ቀይረው። ከዚያ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ በተለይ የፊቱን።

የአየሩ ልክ ላይ ጎሚስታ አትመን። «ድብን አድርጌ ሞላሁልህ» ይሉሃል፤ ለእነሱ ደግነት ነው፣ ለአንተ ግን መውደቂያ ነው። ድርቅ ያለ ጎማ ጠጠር ላይ ይፈናጠራል፣ አይዝም። ክብደትህ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ከሆነና ካላማዳሪ ያለው መደበኛ ሰፊ ጎማ ከሆነ በፒ.ኤስ.አይ. (PSI) መለኪያ «ሠላሳ አድርግልኝ» በለው፤ ከኋላ ሁለት ብትጨምር አይጎዳም። ለልጁ 25 ይበቃል። ከዚያ በጣም ካወረድከው ድንጋይ ሲመታህ ካላማዳሪው በቸርኬው ተቆንጦ ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ያወጣል። ኩርንችትና የግራር እሾህ ደግሞ በማንኛውም አየር ልክ ይበሳሉ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ አንድ ትንሽ ፖምፓና መለጠፊያ ያዙ። መቀየሩን ቤት ውስጥ ተለማመዱት፤ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ፀሐይ ይጠልቅበታል።

ሐይቁ ዳር አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ጉማሬ። ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊትና ከ11 ሰዓት በኋላ ደንገል ካለበት ዳርቻ ራቁ። በጉማሬውና በውሃው መሀል መግባት ማለት መመለሻውን መዝጋት ነው፤ ያኔ ነው የሚያጠቃው። የገጠር ውሻ ሲመጣ ደግሞ ሮጠህ ለማምለጥ አትሞክር። ቁም፣ ውረድ፣ ሳይክሉን በመሀላችሁ አድርገው። ብዙውን ጊዜ የቆመ ሰው ሲያይ ይተወዋል።

መንገድ ላይ ቅድሚያ የእግረኛ ነው። እንጨት ወይም ውሃ የተሸከመች እናት ስትመጣ አንተ ነህ የምትቆመው። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱን ለገበያተኛው ተውለት፣ ሌላ ቀን ውጡ። የተዘራ ማሳ መሀል አትግቡ፤ እህል በተሰጣበት በኩልም አትለፉ። ሰላም በሉ። ልጆች ከኋላ እየሮጡ ሲከተሏችሁ ፍጥነት አትጨምሩ፤ አንዱ ከፊትህ ዘሎ ይገባል።

የምመክርህ ይሄ ነው። ሐምሌን ለዝግጅት ተጠቀሙበት። ሳይክሉን ጠግነህ፣ ዝናብ በሌለበት ጠዋት ጠዋት ከልጁ ጋር ከተማው ውስጥ ፍሬን፣ ማርሽና ጎማ መቀየር ተለማመዱ። ጓደኛህን በጥቅምት እንዲመጣ ንገረው። የመጀመሪያው ቀን ሦስታችሁም አላሙራ ሥር የጋሪው መንገድ ላይ ሁኑ። ጓደኛህ «ይሄማ ቀላል ነው» ይላል፤ ይበል። ጠጠር ላይ ሲያቆም እየው፣ ኩርባ ሲዞር እየው። ደህና ከሆነ ሁለተኛው ቀን ወንዶ ገነት። ልጁ ታች ሜዳው ላይ ይሁን፤ ብቻውን እንዳይሆን አንተና ጓደኛህ ተራ በተራ ወደ ደኑ መንገድ ውጡ። የአላሙራን ጠባብ መንገድ ከጥር በፊት አታስቡት፤ ልጁ ደግሞ ዘንድሮ ጨርሶ አይሞክረው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ፣ ቀትር ሳይደርስ ጨርሱ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ። ትልቅ ሆስፒታል ያለው ሐዋሳ ስለሆነ ወንዶ ገነት ስትሄዱ የጫናችሁ መኪና እዚያው ይጠብቃችሁ። ለልጁ የመጀመሪያው ቀን 15 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ስትመለሱ አሞራ ገደል ዓሣ አብሉት። ማግስቱን ሳትጠይቀው ራሱ «ዛሬስ?» ካለህ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ 20 አድርጉት።